መንገደኛውን ጠይቁ፦ ባህሩ ሰዓት አለው፣ ደቻቱ ግን የለውም

በዚህ ወር የገቡት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ መዞር ሆነው ቁጭ አሉ፣ አንዷ የእንግሊዝ ባህር ዳር ልትዞር ነው፣ አንዱ ጀጎልን፣ አንዱ ደሞ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ። የመጀመሪያዋ ብዙ ቦታ በላችብኝ፣ ስለ ጅቡቲ ባቡር የጻፋችሁ በሚቀጥለው ወር ታገሱኝ አቦ።

*

ጋሼ ሰላም ነው? ከዚራ ነው ምኖረው። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ከተማ ነው ያለው፣ በነሐሴ ሄጄ ሦስት ሳምንት እሱ ጋር ልቀመጥ ነው። ኖስ ማዮ ምትባል ወንዝ ዳር ያለች መንደር እወስድሽና ከሷ ተነስተን ባህሩን በእግር ዞረን እንመለሳለን ብሎኝ ፎቶ ላከልኝ። አንዱ ፎቶ ላይ መንደሯ ሐይቅ ዳር ያለች ትመስላለች፣ አንዱ ላይ ደሞ ጭቃ ብቻ ነው፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተዋል፣ እውነት አንድ ቦታ ነው? እኔ ባህር ያየሁት አንዴ ጅቡቲ ነው፣ እሱም ከመኪና መስኮት። ምን ልያዝ፣ ምንስ ልጠንቀቅ? ገደል አፋፍ ላይ ስቆም ደሞ ትንሽ ያዞረኛል፣ ለወንድሜ ግን አልነገርኩትም። — የከዚራዋ

እህቴ፣ አንድ ቦታ ነው፣ እንዲያውም ሁለቱ ፎቶ የአንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ሊሆኑ ይችላሉ። ኖስ ማዮን አውቃታለሁ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ለአጭር ስልጠና ፕሊመዝ ስሄድ አንድ የሐረር ልጅ ነበር እዛ ሚኖር፣ እሱ ነው ይዞኝ የሄደው፣ እና እዛ የሠራነውን ጥፋት ብነግርሽ የጥያቄሽ ግማሽ ይመለሳል።

እንዲህ ነው። መንደሯ ጋ ስንደርስ ቅዳሜ ስለነበር ማቆሚያ ቦታ ጠፋ፣ ጓደኛዬ ወረድ ብሎ ውሃው ዳር ጠጠሩ ላይ አቆማት። ስወርድ አየሁ፣ ከጎማው ስር ያለው ጠጠር እርጥብ ነው፣ ድንጋዮቹ ላይ አረንጓዴ የባህር ሳር እንደ ጨርቅ ተለጥፏል። አየሁት ነው ምልሽ። አየሁና ትናንት ዘንቦ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። አራት ሰዓት ያህል ተጉዘን ስንመለስ መኪናዋ ውሃ ውስጥ ቆማለች፣ ጎማዋ ግማሽ ድረስ ተውጧል፣ ሁለት ዳክዬ በጓደኛዬ በር በኩል ቀስ እያሉ ያልፋሉ፣ አንድ ውሻ የያዙ ሽማግሌ ደሞ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ይሄን ትዕይንት በየሳምንቱ እንደሚያዩት ሆነው ያዩናል። ጫማ አውልቀን ሱሪ ሰብስበን ገባን። ነሐሴ ነው ቢሉም ውሃው አጥንት ይሰብራል።

እና ያናደደኝ ውሃው አይደለም። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ! ደረቅ የወንዝ ሆድ ላይ ነገር እንደማይተው ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው የተማርኩት። በክረምት ደቻቱ አሸዋ ላይ ዕቃዋን ዘርግታ ምትሄድ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም አንድ ጆሮው ወደ ተራራው ነው። እዛ ግን ፀሐይ አለ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ስለዚ ጎርፍ ከየት ይመጣል ብዬ አሰብኩ። ከዝናብ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው አልገባኝም ነበር።

ስለዚ ነገሩን ከስሩ ልንገርሽ። ኖስ ማዮና ፊት ለፊቷ ያለችው ኒውተን ፌረርስ የተቀመጡት ወደ ዬልም ወንዝ በሚገባ ጠባብ የውሃ ክንድ ግራና ቀኝ ነው (ወንዙን በጽሑፍ ዬልም ይሉታል፣ ሲጠሩት ግን ያም ነው፣ ዬልም ብለሽ ብትጠይቂ እንግድነትሽ ወዲያው ይታወቃል)። ሸለቆው ድሮ እንደማንኛውም የወንዝ ሸለቆ ነበር፣ የበረዶው ዘመን ሲያበቃ የባህሩ ከፍታ ጨመረና ጨዋማው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞላው። ስለዚ ፎቶው ላይ ያየሽው ውሃ በአብዛኛው ወንዙ ያመጣው አይደለም፣ ባህሩ ነው ሚመጣው ሚሄደው፣ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ለዛ ነው በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ሚሄደው። ያንን ሚያደርገው የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው፣ ጨረቃ አዲስ ስትወጣና ሙሉ ስትሆን ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ሙላቱም ጉድለቱም ትልቅ ይሆናል፣ ግማሽ ጨረቃ ላይ ይቀንሳል። ፕሊመዝ አካባቢ በትልቁ ጊዜ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ወደ 5 ሜትር ይጠጋል፣ ማለት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሚውጥ ውሃ ነው በጸጥታ ሚገባው። አንቺ ደሞ ይሄን ለማስታወስ አትቸገሪም፣ የረመዳን መጨረሻ ላይ ጨረቃ ታየች አልታየችም እያለ ሰፈሩ በሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነው ያደግሽው፣ በዛን ሰሞን እዛ ባህሩ ትልቁን ሙላት ሚሞላበት ነው ብለሽ ያዢ።

ሌላ ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ውሃው በእኩል ፍጥነት አይገባም። ወደ ስድስት ሰዓት ነው ለመሙላት ሚፈጅበት፣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ብታይው ምንም ሚንቀሳቀስ አይመስልም፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሰዓት ላይ ግን የጠቅላላው ግማሽ ያህል በነዛ ሁለት ሰዓት ብቻ ይገባል። ሰው ሚታለለው እዛ ላይ ነው፣ ገና ነው ገና ነው ሲል።

መልካሙ ዜና ይሄ ሁሉ በሠንጠረዥ ታትሞ ያለ መሆኑ ነው። የዛሬ ዓመት በዚህ ቀን ውሃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሞላ ዛሬ ይታወቃል። እውነት ለመናገር ቀናሁ። እኛ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ ማንም ሰዓት አልነገረንም፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ነው ታች ተኝቶ የነበረ ሰው ላይ የደረሰው፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው፣ እነሱ ግን በትንሽ ደብተር ይዘውት ይዞራሉ። ወንድምሽ በስልኩ ያገኘዋል፣ ፕሊመዝ ብሎ ይፈልግ፣ ለኖስ ማዮ ሚለየው በደቂቃዎች ነው።

ግን እዚህ ጋ ወጥመድ አለ፣ ለኛ ደሞ ወጥመዱ ድርብ ነው። አንዳንዱ ሠንጠረዥ ሚታተመው በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ እነሱ በበጋቸው ሰዓታቸውን በአንድ ወደፊት ስለሚያደርጉ አንድ መደመር አለብሽ። ሠንጠረዡ 13፡10 ካለ በእጃቸው ሰዓት 14፡10 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ደሞ ስምንት ሰዓት ከአስር። በዛች ደቂቃ እናትሽ ከከዚራ ደውላ ስንት ሰዓት ነው ብትልሽ እሷ ጋ አስር ሰዓት ከአስር ሆኗል፣ ምክንያቱም በነሐሴ ልዩነታችን ሁለት ሰዓት ነው። አንድ ወረቀት ላይ አንዱን ብቻ ጻፊ፣ የእጃቸውን ሰዓት፣ ሌላውን ሁሉ እርሺው።

ሁለቱን መንደሮች ሚያገናኝ ቮስ ሚሉት መሻገሪያ አለ፣ ውሃው ሲጎድል በእግር ታቋርጪዋለሽ፣ ሲሞላ የለም፣ ከስር ነው። ደስ ይላል፣ ግን ቀድመሽ ሰዓቱን አይተሽ፣ ጠጠሩ ደሞ ሳር ስላለው ያንሸራትታል። ካመለጠሽ አትሞኚ፣ በክንዱ ጫፍ በኩል በመንገድ ዞረሽ መድረስ ይቻላል፣ እግርሽ ትንሽ ይደክማል እንጂ።

አሁን ወደ ዙሩ። አጭሩ ዙር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፎቶ እያነሳችሁ ሦስት ሰዓት በቂ ነው። ከመንደሩ በውሃው ዳር ወደ ምዕራብ ትወጣላችሁ፣ ከዛ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ወንዙ ከዛፎቹ በታች ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ጫካው ሲያልቅ ድንገት ንፋሱ ፊትሽን ይመታሻል፣ ባህሩ ተከፈተ ማለት ነው። ጋራ ፖይንት ይባላል እዛ ጋ፣ አዎ ጋራ፣ እኔም ስሙን ስሰማ ስቄያለሁ። ከዛ ፊት ለፊት ባህሩ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የቆመ ደሴት አለ፣ ግሬት ሚውስቶን ነው። ከዛ ወደ ምስራቅ በባህሩ አናት ሄዳችሁ ዋረን ኮቴጅ ሚባል ብቸኛ ቤት ታልፉና ትንሽ ቆይቶ ወደ ግራ ታጥፋችሁ በእርሻዎቹ መሀል ወደ መንደር። በዚህ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ውሃው እስክትታጠፉ ድረስ ሁሌ በቀኝሽ ነው፣ በግራሽ ካየሽው ተሳስታችኋል። ባህሩ ዳር ያለው ክፍል የትልቁ የደቡብ ምዕራብ የባህር ዳር መንገድ ቁራጭ ነው፣ ጠቅላላው 1014 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምልክቱ እንጨት ላይ የተቀረጸ የኦክ ዛፍ ፍሬ ናት፣ እሷን ተከተሉ።

ስለሚያዞርሽ ነገር ደሞ ዕድለኛ ነሽ። እዛ ባህር ዳር መንገዱ እንደሌላው ቦታ የፍየል መንገድ አይደለም፣ ሰፊና ደልዳላ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ይሄድበታል፣ ምክንያቱም ለእግረኛ አልነበረም የተሠራው። ኤድዋርድ ቤሪንግ ሚባል ባለባንክ፣ ሎርድ ሬቭልስቶክ ብለው የሾሙት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዛ አካባቢ ትልቅ ርስት ነበረው፣ እንግዶቹን በፈረስ ጋሪ እያንሸራሸረ ባህር ሚያሳይበት ወደ 9 ማይል የሚሆን መንገድ አስቆፈረ፣ ዋረን ኮቴጅም እግረ መንገድ አረፍ ብለው ምሳ ሚበሉበት ነበር። በፈረንጆቹ 1890 ባንኩ ለአርጀንቲና ባበደረው ብድር ምክንያት ሊወድቅ ደርሶ የእንግሊዝ ባንክ ነው ያዳነው፣ የሰውየው ሀብትም አብሮ ሄደ። መንገዱ ግን ቀረ። ስለዚ ከሚያዞርሽ ጎን ወንድምሽን አድርጊውና አንቺ በኮረብታው በኩል ሂጂ፣ ለምን እንደሆነ መንገርም የለብሽም። አፋፉ ላይ ቆሞ ሰልፊ ግን በጭራሽ፣ ሳሩ ያለበት ጠርዝ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ከስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሚያዝ ነገር፦ ንፋስ መከላከያ ጃኬት (ነሐሴ የነሱ ሞቃት ወር ነው፣ የድሬ ሰው ግን ጠዋት ብርድ ብርድ ይለዋል)፣ ሶሉ ሚይዝ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ ይዘሽ ብትመጪ ወንድምሽ ይመልስሽ፣ ውሃ አንድ ሊትር ተኩል ምክንያቱም ባህር ዳሩ ላይ ሱቅ ምናምን የለም፣ ከዚህ በሶ ይዘሽ ሂጂ፣ እዛ አፋፍ ላይ ተቀምጠሽ በሶ ስትበጠብጪ ሚያልፈው ሁሉ ሰላም ይልሻል፣ እዛ በእግር መንገድ ላይ ሰላም ሳይባባል አይታለፍም፣ ከተማ ላይ ግን አይተያዩም፣ እንግዳ ሕዝብ ነው። ከብት ያለበት ሜዳ ታልፋላችሁ፣ ከፍታችሁ የገባችሁበትን በር ዝጉ። ረጅም ሱሪ አድርጊ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ መዥገር አለ፣ የነሱ መዥገር «ላይም» ሚባል በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማታ ጉልበትሽ ጀርባና ብብትሽ ጋ ተመልከቺ፣ ካገኘሽ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳሽ ተጠግተሽ ቀጥ አድርገሽ ነቅለሽ አውጪው፣ በክብሪት ምናምን ማቃጠል የለም። ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር 999 ደውለሽ ኮስትጋርድ ማለት ነው፣ ፖሊስም አምቡላንስም አይደለም፣ ባህር ዳር ላይ ኮስትጋርድ ነው ሚባለው።

አዎ፣ መኪናውን ላይ አቁሙት።

*

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ሐረር ነው የምኖረው። ሐኪም በየቀኑ እንድራመድ አዞኛል፣ ጉልበቴ ግን ረጅም ዳገት አይወድም። ጀጎልን በውጭ በኩል መዞር ስንት ይሆናል? ከየትኛው በር ቢጀመር ይሻላል? — አንባቢዎ

ጋሼ፣ ለእርስዎ ጀጎልን ማስረዳት ድፍረት ነው፣ ግን ከጠየቁ አይቀር። ግንቡን ዙሪያውን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ሳይቸኩሉ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እኔ ብሆን ሸዋ በር ጋ ጀምሬ ወደ ፋላና፣ ከዛ ኤረር፣ ሰንጋ፣ ቡዳ በር ብዬ ነው ምዞረው፣ ግን የምስራቁ ጎን ዝቅ ስለሚል ዳገቱ መጨረሻ ላይ ሲደክሙ ነው ሚገጥምዎ፣ ጉልበትዎ ከከበደዎት ሰንጋ በር ወይ ቡዳ በር ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ፍንጃል ቡና ጠጥተው በባጃጅ ይመለሱ፣ ሐኪሙ አያይም። በየቀኑ ሙሉውን መዞርም ግዴታ አይደለም፣ ከሸዋ በር ፋላና ደርሰው መመለስም መራመድ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ቢወጡ ጥሩ ነው፣ ጅቦቹ ወደ ዋሻቸው ገብተዋል፣ መኪናውም ገና አልበዛም። ግንቡ ስር ጅብ ሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች የልጅ ልጅዎን ይዘው ሄደው ያሳዩት፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ሲያጥር ሰውን ነው የከለከለው፣ ጅቡ ግን እስከዛሬ የራሱ በር አለው፣ ልጅ ይሄን አይረሳም። ጀጎል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1998 ሐምሌ ነው፣ ላይ ያነሳሁት የድሬው ጎርፍም በዛው ወር፣ አንድ ወር ውስጥ ሐረር ደስታ እኛ ሐዘን፣ ያኔ ሐረር ያሉ ዘመዶቼ እንኳን ደስ አላችሁ በምንላቸው ፋንታ እነሱ እየደወሉ እኛን ሲያጽናኑ ነበር።

*

ሳቢያን ነው ምኖረው፣ 19 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ደቻቱ አሸዋ ላይ እሮጣለሁ፣ አሸዋ ለእግር ጥሩ ነው ብሎኛል አሰልጣኜ። እናቴ ግን ክረምት ገባ ብላ ትጨቀጭቀኛለች፣ እኛ ጋ ዝናብ የለም እኮ! ማን ነው ልክ?

እናትህ።

አሸዋው ለእግር ጥሩ መሆኑ እውነት ነው፣ ጅማት ያጠነክራል፣ ቁርጭምጭሚትህን ካልለመድክ ግን ቀስ ብለህ፣ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ። ችግሩ እኛ ጋ ዝናብ የለም ያልከው ላይ ነው። ደቻቱ ሚሞላው ከዚራ ላይ በሚዘንበው አይደለም፣ ከላይ ተራራው ላይ በሚዘንበው ነው፣ ተራራው ቀጥ ያለና የተራቆተ ስለሆነ ውሃው አይሰርግም፣ እንዳለ ይወርዳል፣ ሲደርስ ደሞ ቀስ ብሎ እየሞላ አይደለም፣ ፊቱ ላይ ግንድና ድንጋይ እየገፋ እንደ ግድግዳ ነው ሚመጣው። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ በበልግም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ማታ በተራራው በኩል መብረቅ ካየህ ጠዋት በአስፋልቱ ሩጥ። በሌላ ጊዜ ስትሮጥም አንዱን ጆሮህን ከኢርፎን ነጻ አድርገው፣ ውሃው ከመታየቱ በፊት ይሰማል፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ያለው ድምፅ ነው፣ መኪና ግን በሌለበት በኩል። እሱን ከሰማህ ጫማህ የት ነው ውሃ ኮዳዬ የት ነው ሳትል በቅርብህ ወዳለው ዳር ውጣ፣ በአሸዋው ላይ ወደፊት አትሩጥ፣ ውሃውን በሩጫ ሚቀድም የድሬ ልጅ እስካሁን አላየሁም።